ትራክ ላይ ፍሬን ሲከዳ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ጉልበት ያለው መኪና ይዞ ትራክ፣ ማለትም የመኪና እሽቅድድም ሜዳ፣ የወጣ ሰው ጋራዥ ሲመጣ ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «የትኛውን ትልቅ ካሊፐር ልግዛ?» ካሊፐር ማለት የፍሬን ሸራውን ከጎማው ጋር በሚዞረው የብረት ዲስክ ላይ በፒስተን የሚጫነው ክፍል ነው። እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ። ፔዳሉ ምን አደረገ? ሰመጠ ወይስ ደረቀ? ተንቀጠቀጠ? መቼ ጀመረ፣ ስንተኛው ዙር ላይ? አብዛኛው ሰው ይህን ሳያስተውል ነው ወደ ገበያ የሚሮጠው። ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ጋ ነው።

የሸራውን ውፍረት፣ የዘይቱን መጠን፣ የሚያፈስ ቱቦ መኖር አለመኖሩን፣ የጎማ ብሎኖቹን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ያንን ሳያዩ ትራክ መግባት የለም።

አንድ ሒሳብ ግን ያዙልኝ። 1,600 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት ከ200 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ሁለት ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሰባ በመቶው ወደ ፊት ዲስኮች ይሄዳል እንበል። እያንዳንዱ የፊት ዲስክ 10 ኪሎ ቢመዝን፣ አንድ ጊዜ ፍሬን መያዝ ብቻ ዲስኩን ወደ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጨምርበታል። ቀጥሎ ሌላ ኩርባ አለ። ከዚያም ሌላ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ሞተሩ ላይ ፈረስ ጉልበት የጨመረ ሰው ሳያውቀው ፍሬኑ ላይ ብዙ ሥራ ጨምሯል። ከታች የምናወራው ችግር ሁሉ ማለት ይቻላል የዚህ ሙቀት ጉዳይ ነው።

ፔዳሉ ልል ብሎ ወለል ድረስ ይሰምጣል

ከሁሉም በላይ የማየው ይህንን ነው። መኪናው መጀመሪያ ጥቂት ዙር ጥሩ ይይዛል። ከዚያ ፔዳሉ ትንሽ ይረዝማል። ሹፌሩ ሞቆታል፣ «አንድ ዙር ልጨምር» ይላል። የረጅሙ ቀጥታ መጨረሻ ላይ ሲረግጥ ፔዳሉ ምንም ሳይቋቋመው ወደ ታች ይሄዳል።

መንስኤው ካሊፐሩ ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት መፍላቱ ነው። ፈሳሽ አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። እግራችሁ የሚገፋው ሸራውን መሆኑ ቀርቶ አረፋውን ይሆናል።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። በጎማ ቱቦው በኩል ሳይቀር ቀስ እያለ ይገባል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት። 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ዶት 5.1 ከ260 ወደ 180 ይወርዳል። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በፊት የተቀየረ ዘይት ይዛችሁ «ዶት 5.1 እኮ ነው» ብትሉኝ ምንም አይጠቅማችሁም። እርጥቡ ቁጥር ላይ ናችሁ ያላችሁት።

ዘይቱን በቀለሙ አትፍረዱ። ነጭ ሆኖ ውሃ የጠገበ አለ፣ ጠቁሮም ገና ያልተበላሸ አለ። በእስክሪብቶ መልክ የሚሸጠውን መለኪያ ማጠራቀሚያው ውስጥ ነክሮ «ጥሩ ነው» ማለትም አያዋጣም። የሚፈላው ካሊፐሩ ውስጥ ያለው ዘይት ነው። እሱ ደግሞ ከሁሉም የራቀው፣ በጣም የሞቀውና የመቀየር ዕድል ያላገኘው ነው።

በጣም የሚያታልለው ነገር ዘይቱ ቆሞም የሚፈላ መሆኑ ነው። አንድ ደንበኛ ነበረኝ። ትራክ ላይ ሲነዳ ምንም ችግር የለም። ፒት (ከትራኩ ዳር ያለው ማረፊያ) ገብቶ ያርፋል፣ ተመልሶ ሲወጣ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ፔዳሉ የለም። ማስተር ሲሊንደር፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋውን ክፍል፣ አስቀየሩት። አልተሻለውም። ያስቀየሩት ሰዎች አንድ ጥያቄ ቢጠይቁት ይበቃቸው ነበር፦ ከትራክ ስትወጣ ምን ታደርጋለህ? በሙሉ ፍጥነት እንደነዳ በቀጥታ ፒት ገብቶ፣ አቁሞ፣ የእጅ ፍሬን ይስባል። ሲነዳ ንፋስ የሚያቀዘቅዘው ዲስክ ሲቆም ንፋስ አጣ፣ ሙቀቱ በሸራውና በፒስተኑ በኩል ወደ ዘይቱ ገባ፣ ሹፌሩ ውሃ እየጠጣ ሳለ ዘይቱ ውስጥ እየፈላ ነበር። መፍትሄው አንድ ሙሉ የማቀዝቀዣ ዙር መንዳት ነው። ፍሬን ሳይነኩ ማለት ይቻላል። ፒት ስትገቡ የእጅ ፍሬን አትሳቡ፣ ማርሽ ውስጥ ተዉትና ጎማው ስር ታኮ አድርጉ። ሸራውን የጋለ ዲስክ ላይ አጣብቆ ማቆም ሌላም መዘዝ አለው፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ። ስትመለሱም ኩርባው ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ቀጥታው ላይ ፔዳሉን ነካ አድርጋችሁ ሞክሩት። ይህንን ልማድ አድርጉት፣ ነፍስ ያድናል።

ፔዳሉ ከቀዘቀዘ በኋላ መልሶ ሊጠነክር ይችላል። አትመኑት! አንዴ የፈላ ዘይት ይወጣል፣ አበቃ።

መፍትሄው ርካሽ ነው። ለውድድር የተሠራ ዘይት ግዙ። ሞቱል አርቢኤፍ 600 አዲስ ሲሆን 312 ዲግሪ ይችላል። ካስትሮል ኤስአርኤፍ ደግሞ ከ310 በላይ ነው፣ ዋናው ጥቅሙ ግን እርጥብም ሆኖ 270 አካባቢ መቆየቱ ነው። የድሮውን ሙሉ በሙሉ አስወጥታችሁ አዲሱን ሙሉ። ማጠራቀሚያውን ብቻ ቀይሮ «ዘይት ቀይሬያለሁ» ማለት ራስን ማታለል ነው። ከእያንዳንዱ የትራክ ቀን በፊት ደግሞ ከአራቱም ካሊፐር ትንሽ ትንሽ አስወጡ። ባለፈው ዓመት ተከፍቶ ግማሹ የቀረ ቆርቆሮ መደርደሪያ ላይ ካለ ጣሉት። ዶት 5 የሚባለው የሲሊኮን ዘይት ሌላ ነገር ነው፣ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። ስሙ ከ5.1 ጋር ስለሚቀራረብ ሰው ይሳሳታል።

አየር ስታስወጡ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ግራና ቀኝ ፒስተን ያላቸው ብዙ ካሊፐሮች የአየር ማስወጫ ብሎናቸው ሁለት ነው፣ ከውስጥም ከውጭም። የውስጡ ስለማይታይ ይረሳል። ሁለተኛው፣ ብሎኑ ከላይ መሆን አለበት። ውድ የሆነ ባለ ስድስት ፒስተን ካሊፐር ያስገጠመ ሰው መኪናውን እየጎተተ አመጣልኝ። ፔዳሉ ጨርሶ አይጠነክርም። ሊትር በሊትር ዘይት አፍስሰውበታል። ጎማውን ፈትቼ ሳይ የግራው ካሊፐር ቀኝ፣ የቀኙ ግራ ተገጥሟል፣ የአየር ማስወጫዎቹ ወደ መሬት ያያሉ። አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ከላይ መውጫ ከሌለው ዓመት ቢረግጡት አይወጣም። ካሊፐሮቹን አቀያይረን አየሩን አስወጣን፣ ጨረስን። ለእንደዚህ ዓይነት ሥራ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ያናድደኛል። የሰው ሕይወት ነው የያዘው።

በብረት ሽቦ የተጠለፉ ቱቦዎችን ለዚህ ችግር መድኃኒት ብለው የሚሸጡላችሁ አሉ። ፔዳሉን ትንሽ ያጠነክራሉ፣ ጥሩ ናቸው። የሚፈላ ዘይትን ግን አያስቆሙም።

ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ መኪናው ግን አይቆምም

ይህ የተገላቢጦሹ ነው። ፔዳሉ ቦታው ላይ ነው፣ እግር እስኪንቀጠቀጥ ትረግጣላችሁ፣ መኪናው ይንሸራተታል። የተቃጠለ ሽታ አለ። ዘይቱ ደህና ነው፣ የወደቀው ሸራው ነው። የመንገድ ሸራ ለቀዝቃዛ ጠዋትና ለጸጥታ የተሠራ ነው። ከሚችለው በላይ ሲግል ማጣበቂያው ይቃጠልና ጋዝ ይሆናል፣ መያዙን ይተዋል። አውጥታችሁ ስታዩት ፊቱ አብረቅርቆ፣ ጠርዙ ተሰባብሮ ታገኙታላችሁ።

መፍትሄው የትራክ ሸራ ነው። ካሊፐር አትቀይሩ፣ ሸራ ቀይሩ። በፋብሪካው ካሊፐር ላይ ጥሩ ሸራና ጥሩ ዘይት ያደረገ መኪና፣ ትልቅ ካሊፐር ላይ የመንገድ ሸራ ካደረገው የተሻለ ሲይዝ ደጋግሜ አይቻለሁ። የትራክ ሸራ ግን ሲቀዘቅዝ ደካማ ነው፣ ይጮኻል፣ አቧራው ቸርኬ ይበላል፣ ዲስክም ቶሎ ይጨርሳል። ስለዚህ ለትራክ ቀን ብቻ አድርጉትና ወደ ቤት ስትመለሱ አውጡት። ግማሹ ሲያልቅም ቀይሩት። ቀጭን ሸራ ሙቀቱን በቀላሉ ወደ ፒስተኑ ያሳልፋል፣ ከዚያ ወደ ላይኛው ችግር ትመለሳላችሁ።

ከማታውቁት ሻጭ በርካሽ ሸራ አትግዙ። የመያዣው ውህድ ከብረቱ ተላቆ ብረት ከብረት የተፋጨበት መኪና ጋራዤ ገብቷል። ካርቶኑ ከትክክለኛው ጋር አንድ ነው የሚመስለው፣ ዲስኩ ላይ ግን ጣት የሚያስገባ ቦይ ተቆፍሯል። የታወቀ ሻጭ ጋ ሂዱ።

መሪው ይንቀጠቀጣል

«ዲስኩ ጠመመ» ይሉኛል። ብዙ ጊዜ አልጠመመም። የሸራው ውህድ ዲስኩ ላይ እኩል ባልሆነ መንገድ ተጣብቆበት ነው። የጋለ ዲስክ ላይ ፍሬን ረግጦ መቆም የሚያመጣው መዘዝ ይህ ነው፤ የሸራው ቅርጽ ዲስኩ ላይ ታትሞ በዓይን ይታያል። ሌላው ምክንያት አዲስ ሸራ ሳያላምዱ መንዳት ነው። ስምንት አስር ጊዜ ያህል በሰዓት ከ100 ወደ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠንከር አድርጋችሁ አውርዱ፣ በፍጹም ግን አትቁሙ፣ ከዚያ ፍሬን ሳትነኩ እየነዳችሁ አቀዝቅዙ። ሸራው የራሱ መመሪያ ካለው እሱን ተከተሉ። ዲስክ ስትቀይሩ ደግሞ የሚቀመጥበትን ሀብ፣ ጎማውም የሚታሰርበትን ማዕከል፣ ከዝገት አጽዱ። እዚያ የተረሳች ትንሽ ዝገት ዳር ላይ ስትደርስ ብዙ ታወዛውዛለች። ዲስክ በዲስክ ላይ እየቀያየረ «አሁንም ይንቀጠቀጣል» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ፔዳሉ አንዳንዴ ብቻ ይረዝማል

የኩርባውን ዳር ከረገጣችሁ ወይም በኃይል ከታጠፋችሁ በኋላ ከሆነ፣ የጎማው ኩሽኔታ ላልቶ ዲስኩ ፒስተኖቹን ወደ ኋላ እየገፋ ነው። ኩሽኔታውን ቀይሩ። ሁልጊዜ ረዝሞ ግን ጠንካራ ከሆነ ሸራው በሰያፍ አልቆ እንደሆነ እዩ።

የኋላ ሸራ ከፊቱ ቀድሞ ያልቃል

መረጋጋት የሚጠብቀው ኤሌክትሮኒክስ ኩርባ ውስጥ ሳታውቁት የኋላ ፍሬን እየያዘ ነው። ሹፌሩ ጋዝ ሲረግጥ እሱ ይይዛል። የትራክ ሁነታ ካለው እሱን ተጠቀሙ፣ ለኋላም ጥሩ ሸራ ግዙ።

ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒን ተይዞ ሊሆን ይችላል። ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ ያለቦታው ቶሎ የሚገባ ከሆነ ጎማችሁን እዩ፤ ጎማው ከያዘው በላይ የትኛውም ፍሬን አያቆምም።

ታዲያ ትልቁ የፍሬን ኪት (ትልቅ ካሊፐርና ዲስክ አብሮ) መቼ ነው?

ዘይትም ሸራም ትክክል ሆኖ፣ ንፋስ የሚያስገባ ቱቦም ተገጥሞ ሙቀቱ ካልወረደ ነው። ቱቦው ንፋሱን ወደ ዲስኩ መሃል ማድረስ አለበት፣ ዲስኩ ራሱ በውስጡ ባሉት ክንፎች እየሳበ ወደ ዳር ያስወጣዋል። ፊቱ ላይ ብቻ መንፋት አንዱን ወገን አቀዝቅዞ ሌላውን ይተዋል።

ሙቀቱን አትገምቱ፣ ለኩ። ለዲስክ የሚቀባ የሙቀት ቀለም አለ፤ አረንጓዴው 430፣ ብርቱካናማው 560፣ ቀዩ 610 ዲግሪ አካባቢ ይለወጣሉ። ካሊፐር ላይ የሚለጠፍ ወረቀትም አለ። የፒስተኑ አቧራ መከላከያ ጎማ ተቃጥሎ ከተሰባበረ ቀለምም አያስፈልጋችሁም። ቀዩ ትራክ በወጣችሁ ቁጥር ከተለወጠ፣ ዲስኩ ላይ ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ ካለ፣ ሸራው በአንድ ቀን ካለቀ፣ አዎ፣ ጊዜው ነው።

ስትመርጡ የፒስተን ቁጥር አትቁጠሩ። ሙቀት የሚሸከመው የዲስኩ ክብደትና ውፍረት ነው። የፒስተኖቹ ጠቅላላ ስፋት ከፋብሪካው በጣም ከበለጠ ፔዳሉ ይረዝማል፣ ሚዛኑም ወደ ፊት ያደላና የኋላው ሥራ ይፈታል፣ መኪናው ከድሮው ርቆ ሊቆም ይችላል። የሚገዛው ኪት ሸራው በቀላሉ የሚገኝ መሆኑን አጣሩ። የተበሳሳ ዲስክ ለትራክ አትግዙ፣ ስንጥቁ ከቀዳዳው ይጀምራል፤ ልሙጡን ወይም ባለ መስመሩን ውሰዱ። ውስጡ ያሉት ክንፎች ጥምዝ ከሆኑ ግራና ቀኙ ይለያያል፣ ክንፉ ከመሃል ወደ ዳር ሲወጣ ወደፊት ከሚሽከረከርበት በተቃራኒ ወደ ኋላ ያዘነበለ መሆን አለበት። ላዩ ላይ ያለው መስመር አቅጣጫ አይነግራችሁም። የካርቦን ሴራሚክ ዲስክ ክብደቱ ቀላል ነው፣ ግን ትራክ ላይ ሲያልቅ ዋጋው ሌላ መኪና ይገዛል፤ ብዙዎች ለትራክ ቀን አውጥተው ብረት የሚያስገቡት ለዚህ ነው።

ከገጠማችሁ በኋላ በካሊፐሩና በቸርኬው መካከል ያለውን ክፍተት በእጅ እያዞራችሁ እዩ። ቸርኬው ውስጥ የተለጠፉትን የሚዛን እርሳሶችም አትርሱ። የፍሬን ሙቀት ሙጫውን ያቀልጠውና ይበራሉ፣ ጎማው ይንቀጠቀጣል፣ ሰው አዲሱን ዲስክ ይከሳል። ከመውጣታችሁ በፊት ላያቸው ላይ ሙቀት የሚችል የአሉሚኒየም ቴፕ ለጥፉባቸው፣ ከእያንዳንዱ ተራ በኋላም መኖራቸውን አረጋግጡ።