የአፊሊየት ገቢ ሲቀንስ ምክንያቱን ለመለየት

የአፊሊየት ገቢዎ (የሌላ ድርጅትን ዕቃ በሊንክ አስተዋውቀው ከሽያጩ የሚያገኙት ኮሚሽን) ድንገት ሲያሽቆለቁል፣ ማስታወቂያ ለመጨመር ከመቸኮልዎ በፊት የክሊክ፣ የትዕዛዝና የኮሚሽን ቁጥሮችን ካለፈው ወር ጋር ጎን ለጎን ያስተያዩ። ክሊኩም ትዕዛዙም ሳይቀንስ ገንዘቡ ብቻ ካነሰ ጥፋቱ የእርስዎ ላይሆን ይችላል፤ አማዞን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 በአሜሪካ የቤት ዕቃዎችን ኮሚሽን ከ8 በመቶ ወደ 3 በመቶ ዝቅ ሲያደርግ፣ ከ200 ዶላር ወንበር 16 ዶላር ያገኝ የነበረ ሰው 6 ዶላር ብቻ ቀረለት። የተመለሰ ዕቃ ካለም ኮሚሽኑ ተመልሶ ይቀነሳል። ትዕዛዙ ብቻ ከቀነሰ ሊንኮቹን አንድ በአንድ በስልክዎ ይሞክሯቸው፤ ዕቃው አልቆ ወይም ገዢው በእርስዎ በኩል መምጣቱን የሚያሳየው መለያ ኮድዎ ከሊንኩ ላይ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ደንበኛው ሊንኩን በተጫነ በ24 ሰዓት ውስጥ ዕቃውን ካልገዛ ወይም ቅርጫት ውስጥ ካላስገባ አማዞን ኮሚሽን እንደማያስብም (ብዙዎች የሚዘነጉት ይህንኑ ይመስለኛል) ያስታውሱ። ክሊኩ ራሱ ከቀነሰ ደግሞ በጉግል ፍለጋ ላይ ያለዎትን ደረጃ ይመርምሩ።