ከአፍ ወሲብ በኋላ ኤችአይቪ ላስጨነቃችሁ፦ እነዚህን ስህተቶች ተዉአቸው

ቀድሜ ልገላግላችሁ፦ በአፍ ወሲብ ኤችአይቪ የመያዝ ዕድል በጣም ዝቅተኛ ነው። ምራቅ አያስተላልፍም። ትንሽ የሚያሰጋው አፍ ውስጥ ቁስል ወይም የሚደማ ድድ ኖሮ የዘር ፈሳሽ ወይም ደም ሲነካው ነው። ግን የደነገጠ ሰው መች አርፎ ይቀመጣል?

አንዱ ወዲያው መፋቂያ ይዞ ድዱን እስኪደማ ይፈትጋል። ጭራሽ ማቁሰል! ሌላው በአረቄ ይጉመጠመጣል፤ ያቃጥላል እንጂ አያድንም። በውኃ ተጉመጥምጣችሁ ተዉት።

ፋርማሲ ሮጦ አሞክሲሲሊን መግዛትም አለ። እሱ የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፣ ቫይረስ አይነካም። ለዚህ የተሠራው ፔፕ የሚባለው፣ ከተጋለጡ በኋላ ኤችአይቪ እንዳይዝ የሚወሰደው መድኃኒት ነው፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይዋጣል። ለአፍ ወሲብ ብቻ ብዙ ጊዜ አይታዘዝም፣ ግን ያንን የሚወስነው ባለሙያ ነው፣ አብሯችሁ ጫት የሚቅመው ጓደኛችሁ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ነገ እያላችሁ ሰዓቱን አትፍጁት።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ውሸቱ ነው። ጅማን ታውቋታላችሁ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ያስነጠሰ እዚያው ጅማ መርካቶ ላይ «ይማርህ» ይባላል። ስለዚህ ሰው ሸነን ጊቤ ሆስፒታል በር ላይ ዘመድ እንዳያገኘው ፈርቶ አጋሮ ከተማ ድረስ ሄዶ ይመረመራል። ይሂድ፣ ምን ችግር አለው! ግን እዚያም ደርሶ ለነርሷ «ምላጭ ቆርጦኝ ነው» ይላታል፣ እሷም ስለ ምላጭ መክራ ትሸኘዋለች። እውነቱን ቢነግራት ግን የምትጠይቀው ሌላ ነበር፦ በአፍ ብቻ ነበር ወይስ ሌላም ነበረ? ኮንዶም ተቀዶ ነበር? ሌላኛው ሰው ኤችአይቪ ካለበት መድኃኒት ላይ ነው? መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ የወረደለት ሰው በወሲብ አያስተላልፍም፤ ይቺ አንዷ መልስ ብቻዋን ጭንቀቱን ልትጨርስ ትችላለች።

በሦስተኛው ቀን ተመርምሮ «ነጻ ነኝ» ብሎ መፈንጠዝም አይሠራም። ከጣት ደም ተወስዶ የሚደረገው ፈጣን ምርመራ የሚያየው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተውን ነገር ነው፣ እሱ እስኪታይ ደግሞ እስከ 3 ወር ሊወስድ ይችላል። የዛሬው ውጤት የሚነግራችሁ የቀደመውን ነው። በ3 ወሩ ድገሙት፤ ነጻ ካለ፣ በመሃል ሌላ ነገር ካልተፈጠረ፣ አለቀ። በየሳምንቱ መመርመሪያ ኪት መግዛት ብር ማባከን ነው።

በመሃል ትኩሳት ከመጣም ወዲያው ስልክ ላይ ምልክት ፍለጋ አትግቡ። ወባ አለ፣ ታይፎይድ አለ፤ ሂዱና ታከሙ።

ጨብጥና ቂጥኝን ደግሞ ማንም አያነሳቸውም። በአፍ በኩል ከኤችአይቪ ይልቅ በቀላሉ የሚተላለፉት እነሱ ናቸው፣ ደግነቱ ይድናሉ። ስትመረመሩ ስለነሱም ጠይቁ።

ውጤት በነጻ ለማወቅ ብሎ ደም የሚለግስ ሰውም አለ። እባካችሁ! ደም ባንክ ይመረምራል፣ ግን ቫይረሱ ገና በማይታይበት ጊዜ የተሰጠ ደም አልፎ በወሊድ ደም የፈሰሳት እናት ክንድ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ምርመራውማ የመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው። 3 ወሩ አልፎ ውጤታችሁን እስክታውቁ ድረስ አትለግሱ፣ ያለ ኮንዶምም ከማንም ጋር አትተኙ።