ኮይሉ ሲነሳ የጎረቤት ራዲዮ ለምን ይንጫጫል?

ቴስላ ኮይልህን (በከፍተኛ ቮልቴጅ ብልጭታ የሚተፋውን ጥቅል ሽቦ) ስታበራ የጎረቤት ራዲዮ ይንጫጫል፣ ስታጠፋው ዝም ይላል። መጀመሪያ መንገዱን ለይ። በባትሪ የሚሠራ ራዲዮ መካከለኛ ሞገድ ላይ፣ ጣቢያ የሌለበት ቦታ አስተካክልና ይዘኸው ዙር። ጩኸቱ ሶኬትና የመብራት ሽቦ አጠገብ ከበረታ ረብሻው የሚሄደው በመስመር ነው። ከሽቦ ርቀህ ግቢ መሃልም ያው ከሆነ በአየር ነው።

እኔ ደሴና ኮምቦልቻ የማገኘው ሁሌም የመጀመሪያውን ነው። የሰከንደሪው (ብልጭታው የሚወጣበት ረጅሙ ጥቅል) የታች ጫፍ ከቤቱ ኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት ከሚወርደው መከላከያ ሽቦ ጋር ታስሮ አገኘዋለሁ። ያ ጫፍ በሴኮንድ መቶ ሺዎች ጊዜ የሚመላለስ ኃይል አለበት። ከቤቱ ኧርዝ ጋር ስታስረው የቤቱ ሽቦ በሙሉ አንቴና ሆነ ማለት ነው። ለብቻው ዘንግ ቅበርለት።

ቅበር ስል ግን ቅበር! ጦሳ ሥር አንድ ልጅ «ቀብሬያለሁ» ብሎ ማለልኝ። ፌሮውን በሁለት ጣቴ ነቅነቅ ሳደርገው ወጣ። አንድ ስንዝር ነው የገባው፤ ከሥሩ ድንጋይ ነው። ወሩ ጥር ነበር፣ አፈሩም ደርቆ ዱቄት ሆኗል። የልብስ እጣቢ የሚደፋበትን የጓሮ ጥግ መረጥንና የመዳብ ዘንግ ሜትር ተኩል አስገባን። ከኮይሉ እስከ ዘንጉ በቀጭን ሽቦ ፋንታ ሰፊ የመዳብ ጥብጣብ፣ አጭርና ቀጥ ያለ። የጎረቤት ራዲዮ ላይ የቀረው ስስ ጠቅ ጠቅታ ብቻ ነው።

ኮይሉን የሚመግበውን የትራንስፎርመር ቆርቆሮ ግን ከቤቱ ኧርዝ እንዳትነቅል። ሁለቱ ኧርዞችም አይነካኩ። ኮምቦልቻ ላይ አንዱ ቆርቆሮ ነዘረኝ። ዲቫይደሩን ስከፍተው የኧርዙ ቀዳዳ ሽቦ የለውም፤ ለጌጥ ነው የተሠራው! ሳትከፍት ዲቫይደር አትመን።

ቀጥሎ በሶኬቱና በትራንስፎርመሩ መካከል የመስመር ፊልተር (ረብሻውን የሚያጣራ ዕቃ) አስገባ፤ የፊልተሩ ቆርቆሮ ከቤቱ ኧርዝ ጋር ይታሰር። ገበያ ላይ ውስጡ አንዲት ካፓሲተር (ኃይል የምታጠራቅም ዕቃ) ብቻ ያለው ጉድ ይሸጣል። ቀለበት ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ካላየህ መልስለት።

በአየር ለሚሄደው ኮይሉን ከብልጭታው ርዝመት አርቀህ በዶሮ ሽቦ አጥረው፤ ሽቦውን ከዘንጉ ጋር እሰር። ማብራቱንም በሴኮንዶች ወስነው። አጥፍተህም የኮይሉን ካፓሲተር ሳታራግፍ እጅህን አታስገባ።

ኮምቦልቻ ላይ የተስተካከለ ስፓርክ ጋፕ (የኮይሉ ብልጭታ የሚዘልበት ክፍተት) ደሴ ሲወጣ ቀድሞ ይተኩሳል፤ አየሩ ስስ ነው። ክፍተቱን ትንሽ አስፋው።

ኮይሉ ጠፍቶም ጩኸቱ ከቀጠለ ጥፋተኛው ምናልባት የጎረቤትህ ርካሽ ቻርጀር ነው።

የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር የገጠመ ግን እኔን አይጥራኝ፤ ገዳይ ነው።