ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት ዘይቱን እዩ

አሮጌ አውቶማቲክ መኪናችሁ ማርሽ ሲቀይር ገጭ ካለ ወይም ከዘገየ፣ መካኒኮች “ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ይውረድ” ሲሏችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ። እኔ ሁሌም የምጀምረው ከራሱ ከካምቢዮው ዘይት ነው። አብዛኞቹ መኪኖች ላይ የሚለካው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ሞቆና እየሠራ ነው፤ የመኪናችሁን መመሪያ ግን እዩ። መለኪያውን በነጭ ሶፍት ጥረጉት። ቀይና ጥርት ያለ ከሆነ ጥሩ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ የውስጥ ፍሪሲዮኖቹ (ማርሹን የሚይዙት ሳህኖች) ሳይበሉ አልቀሩም። ወተት የገባበት ሮዝ ከመሰለ ግን የራዲያተር ውሃ ተቀላቅሎበት ይሆናል፤ በፍጹም እንዳትነዱት! ዲ ላይ አስገብታችሁ መኪናው ቆይቶ የሚነሳ ከሆነ፣ ዘይት ጎድሎት ሊሆን ይችላል። ሙሉና ሞክሩት፣ የሚያፈስበትንም ፈልጉ። ዘይቱ ደህና ሆኖ አንድ ማርሽ ላይ ሙጭጭ ካለ፣ ሴንሰር ወይም ሶሌኖይድ (የዘይቱን ፍሰት የሚቆጣጠር የኤሌክትሪክ ቫልቭ) ሊሆን ስለሚችል በኮምፒውተር ይታይ።