በጋራ የእርዳታ ሰንጠረዥ ላይ የተደባለቁ የቦታ ስሞችን እንዴት አስተካከልኩ

ብዙ የእርዳታ ድርጅቶች አንድ ሰንጠረዥ በጋራ ሲሞሉ፣ አንዱ መንደር በተለያየ አጻጻፍ ገባ። በዚያ ላይ ስማቸው አንድ፣ ወረዳቸው ግን የተለያየ መንደሮች ተደባለቁ። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ አንዱ ጋ ድንኳን ይደራረባል፣ ሌላው ጋ ሰው ዝናብ ላይ ያድራል።

ስሞቹን በእጅ ማረም አላዋጣም፤ ወዲያው ሌላ አጻጻፍ ይመጣል። የሠራው በስም ማዛመዱን መተው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ፣ ኤችዲኤክስ በሚባለው የመረጃ ቋቱ ላይ የብዙ አገሮችን የቦታ መለያ ኮዶች (ፒ-ኮድ) በነፃ ያቀርባል። ዝርዝሩን አውርጄ የኮድ ዓምድ ጨመርኩ። ቦታ በእጅ መጻፉን ዘግቼ ከዝርዝር ብቻ እንዲመረጥ አደረግኩ፤ መጀመሪያ ወረዳ፣ ቀጥሎ መንደር።

ዝርዝሩ ውስጥ ለሌሉ አዳዲስ መጠለያዎች ጊዜያዊ ኮድ የሚሰጥ አንድ ሰው መደብን። ይሄን አትዝለሉት፤ ካልሆነ ሁሉም የየራሱን ኮድ ይፈጥራል።