ለኢንፎርማቲቭ ስፒች አውትላይን (የንግግር ንድፍ) አሰራር፣ መግቢያውን መጨረሻ ላይ ጻፉት

ስፒች አቅርቡ ስንባል አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምንጨነቀው ምን ብዬ ልጀምር በሚለው ነው። እኔም ብዙ ጊዜ እንደዛ ነበር የማደርገው፣ መግቢያው ላይ ሁለት ቀን እፈጅና ዋናው ክፍል በጥድፊያ ይሰራል፣ ሰሚው ደሞ ወዲያው ያውቀዋል። አሁን መግቢያውን የምጽፈው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፣ ምክንያቱም ገና ምን እንደምናገር ሳላውቅ ሰውን ወደምኑ ነው የማስገባው?

ኢንፎርማቲቭ ማለት ማሳወቅ ነው፣ ማሳመን ሌላ ነገር ነው። ሁላችሁም ንብ አርቡ ካልኩ እያሳመንኩ ነው፣ ንብ አበባ ያገኘችበትን ቦታ ለሌሎቹ እንዴት እንደምትነግር ካስረዳሁ ግን እያሳወቅኩ ነው። በቃ ይሄንኑ የንብ ነገር ምሳሌ አድርገን እንሂድ።

"ስለ ንብ" የሚባል ስፒች በ5 ደቂቃ አይነገርም፣ ስለዚህ አጥቡት። እንግሊዝኛ ላይ ሰው በደቂቃ ከ130 እስከ 150 ቃል ይናገራል ይባላል፣ አማርኛ ላይ ግን ይሄን ቁጥር እንዳለ እንዳትወስዱት፣ የኛ አንድ ቃል ብዙ ነገር ስለሚሸከም ("አልነገርኳችሁም" ስንት ነገር እንደያዘ እዩት) በደቂቃ የምንናገረው ቃል ያንሳል። ሞባይላችሁ ላይ ሰዓት ይዛችሁ አንድ ገጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡና የራሳችሁን ልክ እወቁ።

አሁን ዋናው ስራ መጣ፣ ሙሉውን ስፒች በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ። ርዕስም አይደለም ጥያቄም አይደለም፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፦ "ንብ ምግብ ያገኘችበትን አቅጣጫና ርቀት ቀፎ ውስጥ በዳንስ ታሳውቃለች።" ይሄን መጻፍ ካቃታችሁ ችግሩ ቶፒኩ ገና መስፋቱ ነው፣ ተመልሳችሁ አጥቡት እንጂ እንዲሁ አትለፉት። ከተጻፈ ግን ግማሹ መንገድ አለቀ ማለት ነው፣ ነጥቦቹ እዛው ውስጥ አሉ፦

1. ዳንሱ ምን ይመስላል፦ ንቧ የኋላ አካሏን እያወዛወዘች ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ዞራ ትመለሳለች፣ መንገዷ 8 ቁጥርን ይሰራል።
2. አቅጣጫው፦ ምግቡ ከፀሐይ በስተቀኝ 40 ዲግሪ ላይ ከሆነ፣ እሷም የማር እንጀራው ላይ ቀጥ ብሎ ወደላይ ከሚሄደው መስመር በስተቀኝ 40 ዲግሪ አዘንብላ ትሄዳለች።
3. ርቀቱ፦ የመወዛወዙ ጊዜ በረዘመ ቁጥር ምግቡ ሩቅ ነው።

ለ5 ደቂቃ ሁለት ወይ ሶስት ነጥብ ይበቃል፣ ለረጅም ስፒችም ቢሆን ከአምስት አትለፉ። ቅደም ተከተሉን ቶፒኩ ራሱ ይነግራችኋል፣ ታሪክ ከሆነ በጊዜ፣ ቦታ ከሆነ በአቀማመጥ፣ አንድ ነገር ለምን እንደሆነ ከሆነ ከምክንያት ወደ ውጤት። እኔ እዚህ ጋ ዳንሱን ያስቀደምኩት ሰሚው ዳንሱን በአይነ ህሊናው ሳያየው ስለ 40 ዲግሪ ባወራው ስለማይገባው ነው፣ አንባቢ ገጽ ገልጦ ይመለሳል፣ ሰሚ ግን መመለሻ የለውም።

በየነጥቡ ስር ማስረጃችሁን አስገቡ፣ ምንጩንም እዛው ጻፉት ምክንያቱም በአፍ ነው የምትናገሩት። ለምሳሌ ነጥብ 1 ስር፣ "የዚህን ዳንስ ትርጉም የፈታው ሳይንቲስቱ ካርል ቮን ፍሪሽ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ከኮንራድ ሎሬንዝና ከኒኮላስ ቲንበርገን ጋር የኖቤል ሽልማት ወስዷል"። ደሞ አንድ ነጥብ ስር ንዑስ ነጥብ "ሀ" ብቻ ካለና "ለ" ከሌለ ተከፋፍሏል አይባልም፣ ከዋናው ጋር ቀላቅሉት።

ከነጥብ ወደ ነጥብ መሸጋገሪያውን ደሞ ቃል በቃል ጻፉት፣ መድረክ ላይ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ጋ ነው። "ቀጥሎ ደግሞ" ብቻ አይበቃም። "አቅጣጫውን አየን፣ ግን አቅጣጫ ብቻ ይዛ የወጣች ንብ የት ጋ እንደምትቆም አታውቅም፣ ስለዚህ ወደ ርቀቱ እንለፍ" ስትሉ ሰሚው ለምን እንደተሻገራችሁ ይገባዋል።

አሁን መግቢያ። ጆሮ የሚስብ ነገር፣ ቶፒኩ፣ ሰሚውን ለምን እንደሚመለከተው፣ ስለጉዳዩ እናንተ ከየት እንዳወቃችሁ፣ ከዛ የነጥቦቹ ዝርዝር በአንድ ዓረፍተ ነገር። መዝጊያው ከዚህም ያጥራል፣ ዋናውን ሀሳብ ደግማችሁ ትጨርሳላችሁ፣ አዲስ መረጃ እዛ ጋ አይገባም። ለ5 ደቂቃ መግቢያው 40 ሰከንድ፣ መዝጊያው 20 ወይ 30 ሰከንድ ቢሆን ጥሩ ነው፣ የቀረው በሙሉ የነጥቦቹ ነው።

ይሄ በሙሉ ዓረፍተ ነገር የተጻፈው የዝግጅት አውትላይን ነው፣ እሱን ይዛችሁ መድረክ አትውጡ፣ ከያዛችሁት መናገር ትታችሁ ታነቡታላችሁ። ከሱ ላይ ቁልፍ ቃላቱን ብቻ ካርድ ላይ በትልቁ ገልብጡ፣ ስምና ቁጥር ግን ሙሉውን ይጻፍ፣ መፍጠን የሌለባችሁ ቦታ ላይም "ቀስ" ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ከዛ በካርዱ ብቻ ጮክ ብላችሁ በሰዓት ተለማመዱ፣ ከሰዓቱ ካለፋችሁ አፋችሁን አታፍጥኑ፣ አንድ ንዑስ ነጥብ አውጡና እንደገና ለኩት።