ክሪምን በክራር፦ ከባቲ ቅኝት ተነስቶ እንዴት እንደሚደረስ

ደሴ ክራር የምንመታ ልጆች ስንገናኝ ሮክ ከተነሳ "እሱ ጩኸት ነው፣ የኛ ጆሮ አይደለም" የሚል አይጠፋም፣ እኔም እል ነበር፣ አንድ ማታ ግን ክሪም የሚባሉትን የብሪታኒያ ሮክ ተጫዋቾች እየሰማሁ ክራሬን አንስቼ ልከተላቸው ስሞክር ጣቴን ሳይታወቀኝ ባቲ ላይ አገኘሁት። ከዛ ወዲህ የሞከርኩትን ልንገራችሁ፣ አብሽሩ ከባድ አይደለም።

መጀመሪያ ሰዎቹን እወቁ፣ ሦስት ብቻ ናቸው። ኤሪክ ክላፕተን ጊታር፣ ጃክ ብሩስ ቤዝ እና ዋናው ድምፃዊ፣ ጂንጀር ቤከር ድራም። በፈረንጆቹ 1966 ለንደን ላይ ሲሰባሰቡ ሦስቱም ቀድመው ስም የነበራቸው ስለሆኑ ነው ሱፐርግሩፕ የሚባሉት፣ ክላፕተን ያርድበርድስ ከሚባል ባንድና ከብሉዝ ተጫዋቹ ጆን ሜዮል ጋር የሰራ ነው፣ ብሩስና ቤከር ደሞ ግራሃም ቦንድ ባንድ ውስጥ አብረው ነበሩ፣ እዛ እያሉ ቤከር ብሩስን አባሮት ነበር፣ ክላፕተን ብሩስ ከሌለበት አልገባም ስላለ ነው እንደገና የተገናኙት። ሦስት መሆናቸው ለኛ ይመቻል፣ ክራር፣ ቤዝ ክራርና ከበሮ ካላችሁ ባንዱ ሞላ።

ለመጀመሪያ ቀን ሰንሻይን ኦፍ ዩር ላቭን ብቻ ያዙ። በ1967 ኒውዮርክ አትላንቲክ ስቱዲዮ የቀዱት ነው፣ ዲዝሬሊ ጊርስ አልበም ላይ አለ፣ መነሻ ዜማውን ብሩስ ያገኘው ጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስ ለንደን ሲጫወት አይቶ በተመለሰበት ጊዜ ነው። በስልክ ስፒከር እንዳትሰሙት በናታችሁ፣ ቤዙ ይጠፋል፣ ብሩስ ደሞ ቤዝን እንደ አጃቢ ሳይሆን እንደ ሁለተኛ ጊታር ነው የሚጫወተው ስለዚህ ቤዙ ከጠፋ ግማሹ ሙዚቃ ሄደ ማለት ነው። ኢርፎን አድርጉና ሦስቴ ስሙት፣ አንዴ ቤዙን ብቻ፣ አንዴ ከበሮውን፣ አንዴ ጊታሩን።

አሁን ክራሩን ባቲ ማይነር ቃኙት። ባቲ ሜጀር ካደረጋችሁት አይሆንም፣ ሁለተኛዋና አምስተኛዋ ድምፅ ግማሽ ግማሽ ከፍ ስለሚሉ ዜማው ይበላሻል። ስልካችሁ ላይ ቲውነር አውርዱና ባለ ስድስት ክሩን ከታችኛው ድምፅ ወደ ላይ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ፣ ላይኛው ዲ አድርጉት። ይሄ የአሜሪካ ጥቁሮች ብሉዝ የሚጫወቱበት ማይነር ፔንታቶኒክ የሚባለው ራሱ ነው፣ ድምፅ በድምፅ አንድ ነው! የሰኞ ገበያዋ ባቲ ስሟን የሰጠችው ቅኝት የብሉዝ አገር ሚሲሲፒም መገኘቱ እስካሁን ይገርመኛል፣ አንዱ ካንዱ ወሰደ ማለቴ አይደለም፣ አምስቱን ድምፅ የሰው ልጅ ብዙ ቦታ አግኝቶታል።

ዜማው እንዲህ ነው፦ ላይኛው ዲ ሁለቴ፣ ሲ፣ ላይኛው ዲ፣ ከዛ ኤ፣ ኤ ፍላት፣ ጂ፣ ከዛ ታችኛው ዲ፣ ኤፍ፣ ዲ። በግርፍ ሳይሆን ክር በክር በድርድር ምቱት። ኤ ፍላቷ ብቻ ናት ባቲ ውስጥ የሌለችው፣ ብሉዝን ብሉዝ የምታስመስለዋ ድምፅም እሷ ናት። የጂን ክር በግራ ጣት ገፋ አድርጋችሁ ስትወጥሯት ወደሷ ትጠጋለች፣ ካልመጣችላችሁ ዝለሏት፣ እኔ ብዙ ጊዜ እዘላታለሁ ሰው ግን ዘፈኑን ይለየዋል። ዜማው ወደ ጂ ሲዞር ክራሩ አይከተለውም ምክንያቱም ቅኝቱ ላይ የሌለ ድምፅ ይፈልጋል፣ እዛ ጋ ቤዝ ክራሩ ጂ ላይ ይቁም እናንተ ጂና ዲን እያፈራረቃችሁ ጠብቁት። አዝማቹ ኤ፣ ሲ፣ ጂ ስለሆነ ቤዝ ክራሩ ላይ ሦስቱም አሉ።

ከበሮ መቺያችሁ መጀመሪያ ሊቸገር ይችላል። እጃችን የለመደው ችክችካ 6/8 ነው ይሄ ግን 4/4 ነው፣ በዛ ላይ ቤከር ክብደቱን 1 እና 3 ላይ ነው የሚጥለው፣ ስለዚህ በትልቁ አፍ 1 እና 3ን ጠበቅ አድርጎ ይምታ፣ ሌላውን በትንሹ አፍ ይሙላው። ቤከር የአፍሪካን ከበሮ ከልቡ የሚወድ ሰው ነበር፣ በኋላ ሌጎስ ሄዶ ስቱዲዮ ከፍቷል፣ ከናይጄሪያዊው ሙዚቀኛ ፌላ ኩቲ ጋርም ተጫውቷል።

ይሄን ከያዛችሁ ስፑንፉል ወደሚለው ዘፈን እለፉ። ፍሬሽ ክሪም በሚለው የመጀመሪያ አልበማቸው ስድስት ደቂቃ ተኩል ነው፣ በ1968 ዊልስ ኦፍ ፋየር ላይ ግን መድረክ ላይ የተጫወቱት ወደ 17 ደቂቃ ይሄዳል። ሰርግ ላይ ማሲንቆ መቺ ሞቅ ሲለው አንዷን ዜማ እየዞረ እየዞረ እንደሚያስረዝማት አስቡት። ልምምዱ እንዲህ ነው፣ ዲ ላይ ቁሙና አንዱ ሲወጣ ሁለቱ ዝቅ ይበሉ፣ ሲጨርስ በዓይን ተጠራሩ። ይሄን አጥብቄ የምናገረው ክሪም የፈረሰው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው፣ ማርሻል አምፕሊፋየሩን እየጨመሩ እየጨመሩ መደማመጥ ቀረ፣ ክላፕተን ራሱ እንደተናገረው አንዴ መድረክ ላይ ጊታሩን ቢያቆም ሁለቱ ሳያውቁ ቀጥለዋል። የብሩስና የቤከር ጠብም አልበረደም። ህዳር 26 ቀን 1968 በፈረንጆቹ ለንደን ሮያል አልበርት ሆል ተሰናበቱ፣ ሁለት ዓመት ከምናምን ነው ዕድሜያቸው በቃ።

በግንቦት 2005 እዛው አዳራሽ ተመልሰው አራት ማታ ተጫውተዋል፣ ብሩስ በ2014 ቤከር በ2019 አርፈዋል። ለመማር ከሁሉም የሚሻለው የ2005ቱ ቪዲዮ ነው፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነው እጃቸውም ይታያል፣ ፍጥነቱን 0.75 አድርጉና ቤዝ ክራር የሚመታው ልጅ የብሩስን ጣት ብቻ ይከተል፣ እናንተ እስኪይዝ ድረስ ያቺን የዲ ዜማ እየደጋገማችሁ ጠብቁት።